አሥራ አንድ ዓመት የኖረው ድንጋይ

"ቀስ በል እንጂ ወንድሜ፣ ጠርዙ በሩን ከነካው አለቀልን" አለ ኦርቪል፣ የኋልዮሽ እየተራመደ።

ዌይን ማኪ ቀስ አለ። ሰባ አምስት ጋሎን የሚይዘውን ባዶ የመስታወት ገንዳ ሁለቱ ሰዎች በየጫፉ ይዘው በወጥ ቤቱ በር እንደ ምንም አሾለኩት። የሐይቁ ብርድ አብሯቸው ሊገባ ሲል የዌይን ሚስት ሊኔት በሩን በእግሯ ገፍታ ዘጋችው።

"የት ነው የሚቀመጠው?" አለ ኦርቪል።

"እዚያ ጥግ" አለች ሊኔት። "የስፌት መኪናዬ የነበረበት ቦታ። መኝታ ቤት አስገብቼዋለሁ።"

"ተፈናቅያለሁ በይኛ።"

"ያውም በዓሣ። ሌላ ሴት ብትሆን እኮ ቢያንስ ሳህን ታጥብልኝ ነበር።"

ሦስቱም ሳቁ። አፏ ይቀልድ እንጂ የስፌት መኪናዋን ያነሳችው ማንም ሳይጠይቃት ነው። ባሏ ለትልቅ ገንዳ ስንት ዓመት እንደተመኘ ታውቃለች። ሃያ ጋሎን የሚይዘውን ትንሹን የገዛው መጠጥ ባቆመ በሁለተኛው ወር ነበር። በፊት ጠርሙስ ይዞ የሚሰየምበት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ኮራል የሚባሉት አበባ መሳይ የባሕር እንስሳት ሲከፈቱና ሲዘጉ እያየ ማምሸት ጀመረ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሞላው፤ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። እንዴት አቆምክ ብለው ለሚጠይቁት "ሁለት ብርቱካናማ ዓሣና አንዲት ትዕግሥተኛ ሴት" ነው መልሱ።

ዌይን የሐይቅ ዳሯ የዱሉዝ ከተማ በረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ነው። ለእሑድ ከባድ በረዶ እንደሚጥል ተነግሯል፤ አንዴ ከተጠራ ደግሞ ስንት ቀን ከመኪናው ላይ እንደሚውል ራሱም አያውቅም። ስለዚህ ማዛወሩ ዛሬ፣ ቅዳሜ ሳያልፍ፣ ማለቅ ነበረበት። አዲሱ የጨው ውሃ ከሐሙስ ጀምሮ በሁለት በርሜል ተበጥብጦ እየተማሰለ ነው፤ ባልዲዎቹም ተሰልፈዋል።

ኦርቪል ዳገቱ ላይ የጌጥ ዓሣ መሸጫ ሱቅ አለው። አራት ሰዓት ላይ መክፈት ስላለበት ጃኬቱን እየቆለፈ ሳለ ጎንበስ ብሎ ትንሹን ገንዳ አየና ፊቱ ተለወጠ። መሐል ላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ የኮት ቁልፍ በሚያካክሉ ቡናማ አበቦች ከላይ እስከ ታች ተሸፍኗል። አበባ ይምሰሉ እንጂ እንስሳት ናቸው።

"ይሄንንም ልታዛውረው ነው?"

"እሱማ ዋናው ነው።"

"ስማኝ ዌይን። እነዚህ ነገሮች ሰፈሩን ወርሰውብሃል። አዲሱ ውስጥ ከገቡ በዓመቱ ሌላ ነገር አታይም።"

"አጸዳዋለሁ።"

"አታጽዳው። በጓንት አንስተህ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልለህ ጣለው። መርዝ አላቸው። ስብሰባ ላይ የተወራውን ረሳኸው?"

"አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ድንጋይ እኮ ነው ኦርቪል። ውሃውን እያጣራ ገንዳውን በሕይወት ያቆየው እሱ ነው። እንዴት አድርጌ ነው የምጥለው?"

ኦርቪል ጓንቱን አጠለቀ። "እኔ ተናግሬያለሁ" አለና ወጣ።

ዌይን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከሰማው ውስጥ የሚመቸውን ብቻ የሚይዝ ሰው ነው፤ በዚህ ረገድ ደግሞ ብቻውን አይደለም። የጨው ውሃ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ድንጋያቸው ላይ አረም ሲበቅልባቸው ማንቆርቆሪያ አፍልተው ይደፉበታል። ዌይንም ስንቴ አድርጎታል። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በየወሩ ሲሰበሰቡ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ በድስት ቀቅሎ ቤተሰቡን በሙሉ ሆስፒታል ስላስገባ ሰው ተወርቷል። ዌይን ያኔ ኬክ እየበላ ነበር። መቀቀል ሌላ፣ ላዩ ላይ መድፋት ሌላ ብሎ ራሱን አሳመነ።

ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ጥሩውን ውሃ ወደ ባልዲ ቀዳ፤ ቀጥሎ ኮራሎቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ በመጨረሻ ሁለቱን ዓሣዎች በመረብ ይዞ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ከተታቸውና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ሰካላቸው። ትልቁን ድንጋይ ተሸክሞ የወጥ ቤቱ መታጠቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ማንቆርቆሪያውን ጣደ። ወፍራሙን የጎማ ጓንት እስከ ክርኑ አጠለቀ፤ የዓይን መከላከያውንም አደረገ።

ሊኔት አጠገቡ ቆማ ለምሳ ሳንድዊች እየሠራች ነበር።

"ለቀዶ ጥገና ነው እንዴ እንዲህ የታጠቅኸው?"

"ጨው እጄን ይቆርጠኛል።"

"እስከዛሬ ቆርጦህ አያውቅም።"

"አርጅቻለሁ በቃ።"

የፈላውን ውሃ ደፋበት። ቡናማዎቹ ኩምትር አሉ፤ ተዝለገለጉ። እንፋሎቱ ወደ ጣሪያው ወጣ። የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። በዚያ ሰፈር ኅዳር ሲገባ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እነሱም መስኮቶቻቸውን ከውስጥ እንደ መስታወት በሚያሳይ ፕላስቲክ ወጥረው ዙሪያውን አሽገውታል፤ እስከ ሚያዝያ የሚነካው የለም። ውጭው ምራቅ የሚያረጋ ብርድ ነው። የተቃጠለ ጸጉርና የባሕር ጭቃ የተቀላቀለ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው።

ሊኔት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ሸፈነች። "ይሄ እንፋሎት አይጎዳም?"

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይችል ነበር። ኦርቪል ያለው ትዝ ብሎታል፤ አልረሳም። ግን አዎ ይጎዳል ካለ ድንጋዩ ሊጣል ነው።

"ኧረ ምንም አይደለም። ጨውና ውሃ ነው።"

ሊኔትም አመነችው። ቢላዋዋን አንስታ ቲማቲሙን መክተፍ ቀጠለች። ዌይን ሁለተኛ ማንቆርቆሪያ አፈላ፤ ሦስተኛም ደገመ፤ በመሐሉ በብሩሽ እየፈተገ። ሲጨርስ ድንጋዩ ነጣ ብሎ ጸድቶ ነበር። ደስ አለው። ተሸክሞ ወስዶ አዲሱ ገንዳ መሐል አቆመውና የበርሜሎቹን ውሃ ሞላበት።

ስምንት ሰዓት ገደማ አፉ ውስጥ ሳንቲም የጎረሰ ያህል የብረት ጣዕም መጣበት። ሳንድዊቹ ነው አለ። ውሃ ጠጣ፤ አልሄደለትም። ዓሣዎቹን ለማስገባት አዲሱ ውሃ ገና አልሞቀም ነበርና ማሞቂያውን ከፍ አድርጎ ቴርሞሜትሩ ላይ አፈጠጠ።

"ዌይን" አለች ሊኔት ከሶፋው። ድምጿ ሻክሯል። "ያንን ብርድ ልብስ አቀብለኝ እስቲ።"

"በረደሽ እንዴ?"

"አጥንቴ ድረስ ነው የሚሰማኝ። ጉሮሮዬንም ከርክሮኛል። እነዚያ ልጆች አስይዘውኝ ነው።" ሊኔት የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በዚያ ሳምንት ግማሹ ተማሪ በኢንፍሉዌንዛ ተኝቷል።

"አዎ፣ ኢንፍሉዌንዛ ነው" አለ ዌይን ቶሎ ብሎ። እንዲህ ዓይነት እፎይታ ከተሰማው ቆይቷል። ብርድ ልብሱን አለበሳትና ወደ ቴርሞሜትሩ ተመለሰ። የእሱም ጀርባ ይንዘፈዘፍ ጀምሯል፤ ባልዲ ሲሸከም ስለዋለ ነው አለ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሊኔት ወደ መኝታ ቤት ልትወጣ ተነሳችና ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። እጀታውን ይዛ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ እንደ ተሰነጠቀ ፉጨት ይሰማል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ዌይን ክንዷን ያዘ።

"ተነሺ። እንሂድ።"

"ዓሣዎችህስ? ባልዲ ውስጥ ናቸው እኮ።"

"ተያቸው አሁን ዓሣዎቹን" አለ። ግን ጃኬቷን ሲያለብሳት ዓይኑ ባልዲው ላይ ነበር። ባትሪው እስከ ማታ ይይዝ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ እመለሳለሁ አለ በሆዱ።

ሆስፒታሉ በሚያስሉ ሰዎች ተጨናንቋል። ሊኔትን አልጋ ላይ አስተኝተው ኦክስጅን ሰጧት፤ በእንፋሎት የሚሳብ መድኃኒትም አደረጉላት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልተቀመጠች ትመስላለች።

"የኢንፍሉዌንዛው ምርመራ የለም ይላል" አለች። "ግን አንዳንዴ ይስታል፤ ዛሬ እንደ እርስዎ ያለ ሃያ ሰው አይቻለሁ። ለመሆኑ ቤት ውስጥ ምን ሲሠሩ ዋሉ? የጽዳት ኬሚካል፣ ቀለም፣ እንደዚያ ያለ ነገር ነበር?"

ዌይን አፉን ከፈተ። ሊኔት ቀደመችው።

"የለም። እሱ የዓሣ ገንዳ ሲያዛውር ነበር፤ እኔ ደግሞ ቲማቲም ስከትፍ። ጨውና ውሃ ነው።"

የገዛ ቃሉን ከአፏ ሰማ። አሁን ተናገር አለው ልቡ። ሚስቱ ፊት፣ ሐኪም ፊት፣ አውቄ ነው ማለት ግን እንዴት ያለ ነገር ነው? ጓንት አድርጌ፣ ዓይኔን ሸፍኜ፣ እሷን ባዶ እጇን አጠገቤ አቁሜ። ሐኪሟም ጥቂት ጠብቃ ጻፈችና ወጣች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የሊኔት ትንፋሽ ትንሽ ቀለል አለ። ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች።

"ኦክስጅንዎ ጥሩ ነው አሁን። ቤትዎ ገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው፣ ሞቅ ብለው ይተኙ። ካልተሻለዎት ነገ ይመለሱ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

በርና መስኮት ዘግተው። ዌይን ያንን ወጥ ቤት አሰበው፤ መጋረጃውን፣ ሶፋውን፣ ብርድ ልብሱን፣ እስካሁን እርጥብ የሆነውን መታጠቢያ። አሁን ቤት ከገባች ለነገ ላትደርስ ትችላለች። ይህን አወቀ፤ እያወቀም ከወንበሩ አልተነሳም። ብርዱ ጥርሱን እያንገጫገጨው ነው፤ ማንም እንዳያይበት አገጩን አንገት ልብሱ ውስጥ ቀብሮታል።

ስልኩ ጮኸ። ኦርቪል ነው።

"ቤትህ በር ላይ ቆሜያለሁ። መኪናህ የለችም፤ የት ገባህ?"

"ሆስፒታል ነን። ሊኔት አሟት።"

"ውይ፣ ምን ሆነች? እንዴት ናት አሁን?"

"ትንሽ ተሽሏታል።"

"እግዜር ይማራት። ስማ፣ በመስኮቱ እያየሁ ነው። ዓሣዎቹ አልገቡም እንዴ?"

"ባልዲ ውስጥ ናቸው። አልደረስኩም።"

"ታዲያ ሊያልቁብህ እኮ ነው። ኮራሎቹስ? ያለ ማሞቂያ ስንት ሰዓት ሆናቸው?" ኦርቪል ለሰው ዓሣም ቢሆን አንጀቱ አይችልም። "የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነው። ገብቼ ላስገባልህ። ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም።"

ዌይን አሰላው። ሩብ ሰዓት ነው። ኦርቪል ወፍራም ሰው ነው፤ ጤነኛ ነው፤ እንፋሎቱም ከሞላ ጎደል ረግቷል። ሩብ ሰዓት ምን ያደርገዋል? ዓሣዎቹ ይድናሉ፤ ዌይንም ማንም ሳያውቅበት አሥራ አንድ ዓመቱን ይዞ ይቀጥላል። ግባ የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

ሊኔት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቦት ጫማዋን እያጠለቀች ነው። አንዱን አጠለቀች። ሁለተኛውን አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ትንፋሽ ለመሰብሰብ አረፍ አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችውና፣ አይዞህ የምትል ይመስል ፈገግ አለችለት።

"ገባሁ" አለ ኦርቪል። የበር እጀታ ድምፅ ተሰማ።

"አትግባ።"

"ምን?"

ዌይን ከወንበሩ ተነሳ። ነርሷ እንድትሰማው አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"አትግባ አልኩህ። ድንጋዩን አልጣልኩትም። የፈላ ውሃ ደፋሁበት፤ ሦስት ማንቆርቆሪያ። በብሩሽም ፈተግኩት። ሊኔት አጠገቤ ቆማ ነበር።"

ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች።

"አንተ ሰው" አለ ኦርቪል። "ለሐኪሞቹ ነግረሃቸዋል?"

"ይኸው፣ አሁን እየሰሙኝ ነው።"

"ዓሣዎቹስ?"

"በሩን ሳብ አድርገህ ዝጋና ሂድ።"

ስልኩን ዘጋ። ነርሷ ወረቀቱን አልጋው ላይ ጥላ "ዶክተር" እያለች ወጣች። ሊኔት ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፍቷል።

"መርዝ መሆኑን ታውቅ ነበር?" አለችው።

"አውቅ ነበር።"

ዌይን እየተንቀጠቀጠ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ጉልበቷ ላይ ያለውን ጫማ ወስዶ ወደ ጎን አስቀመጠው፤ ያጠለቀችውን ደግሞ ክሩን ፈትቶ ቀስ ብሎ ከእግሯ አወለቀላት።