ባሌ በመርከብ መጣ

ደግሞ ቀይ ጃኬት ለብሳለች፣ ልክ እንደ ቱሪስቶቹ፣ ማን አለበሳት፣ እናቷ ኡሊፒካ ናት እንጂ፣ ሌላ ማን ሊሆን፣ እኔ ፀሐይ የማትወጣበትን ጨለማ ወራት ሙሉ የአጋዘን ቆዳ እያኘክሁ ሳለሰልስ ጥርሴ አለቀ፣ ቦት ጫማ ልሰፋላት፣ እሷ ከመርከቡ ሱቅ አንስታ ጃኬት ጣል ታደርግባታለች። የጎማዋ ጀልባ ዳር ደረሰች። ባሌ ወረደ። ማለቴ ልጅቷ።

ቱሪስቶቹ ቢሰሙ ይስቃሉ፣ ይሳቁ፣ ገና አምስት ዓመቷ ነው፣ ባሌ ነው የምላት፣ ታዲያ ምን ልበላት፣ ባሌን ቃማኒቅን ባሕር በላው፣ በዓመቱ ኡሊፒካ ስትወልድ አማቴ ተነስታ የሟች ልጇን ስም ለሕፃኗ ሰጠች፣ በኛ ወግ ስሙ ከተሰጠ ሰውየው ተመልሷል፣ ሴት ትሁን ወንድ ማን ይጠይቃል፣ አማቴ ልጄ ትላታለች፣ እኔ ባሌ፣ እሷም ሚስቴ ትለኛለች፣ አለቀ። ግን ከሰው ሁሉ ማኅፀን የሷን መረጠ። እኔን ከማግባቱ በፊት ያበደላትን ሴት። ሞቶ እንኳ የሄደው እሷው ጋ። ቀናሁ፣ አዎ፣ እያረርኩ ነው፣ ምን አፍራለሁ።

ኡሊፒካ መንደር ቀይራ ከሄደች ወዲህ ልጅቷን የማያት በበጋ አንዴ ነው፣ እናትየዋ እንግዶቹን እየመራች ከመንደር መንደር ስትዞር፣ መርከቡ እኛ ጋ ለግማሽ ቀን ሲቆም፣ በዚህ ዕድሜ ልጅ ቶሎ ይረሳል፣ ዘንድሮ ከረሳችኝስ፣ ሚስቴ ካላለችኝ የማን ሚስት ነኝ።

አዳራሹ ሞላ። ሻይ፣ ቂጣ፣ የደረቀ ዓሣ፣ ካሜራ በካሜራ ላይ። ኡሊፒካ መሃል ቆማ በነጮቹ አፍ ታንበለብለዋለች፣ ልጄ የአንድ ጎበዝ አዳኝ ስም ነው ያላት ትላለች፣ አንድ አዳኝ፣ ስለኔ ትንፍሽ የለም፣ እዚህ ቆሜ ሻይ የምቀዳው የማን ገረድ መስያት ነው፣ አይ ድፍረት። አንዲት ነጭ አሮጊት ጎንበስ ብላ ልጅቷን ትጠይቃለች፣ ኡሊፒካ ትተረጉማለች፣ እዚህ መንደር ማን አለሽ። ልጅቷ ዙሪያውን ታያለች። አማቴን አየች፣ አለፈቻት። ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ከበደኝ፣ እዚህ ነኝ፣ በይ እንጂ የኔ ጌታ።

ሚስቴ አለች። ያቻት።

ነጮቹ ሳቁ፣ የኛ ሰው አልሳቀም። እሰይ። ኡሊፒካ፣ ይቃጠልሽ፣ እኔን እንዳቃጠለኝ ይቃጠልሽ። ልጅቷ ሮጣ መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠች፣ የናፍጣ ሽታ፣ ቦቱን አወጣሁ፣ እግርህን ስጠኝ፣ አልገባ አለ፣ ገፋሁት፣ አልገባም፣ ጣቶቿ ታጠፉ። ለካ በአምናው ልክ ነው የሰፋሁት። ለባል ሲሰፋ ማን ለዕድገት ያተርፋል፣ የባል እግር መቼ አድጎ ያውቃል፣ ሞኝ፣ ደደብ፣ ባልሽ ልጅ ነው እኮ።

ኡሊፒካ አየችኝ፣ አሁን ትስቃለች፣ በሰው ፊት ታዋርደኛለች። መጣች። አልሳቀችም። ተንበርክካ ቦቱን በሁለት እጇ ለማስፋት ትታገላለች፣ ቀና ሳትል፣ መርከቡ ላይ ከተሳፈርን ጀምሮ ሚስቴ ጋ መቼ ነው የምንደርሰው እያለች ጨቅጭቃ ገደለችኝ አለች፣ ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ፣ ናፓቺ ብላ በስሜ ጠራችኝ፣ ወልጄው እንኳ ያንቺ ነው።

ያንቺ ነው። በትዳር የኖርኩትን ዘመን ሁሉ ይቺን ቃል ከሷ አፍ ስጠብቅ፣ በይ ተደሰቺ እንግዲህ፣ ጨፍሪ፣ ምን ይዞሻል፣ እንባዋ ቆዳው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ላዝንላት አልፈልግም፣ እምቢ፣ ልጅቷ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ቁርጥ እሱ፣ እኔና ኡሊፒካ ተጣልተን ሲያገኘን እንደዚህ ነበር የሚያየን፣ አትይኝ አንቺ፣ እጄ ሳላዘው የሴትዮዋ ትከሻ ላይ አረፈ፣ አታልቅሺ እላታለሁ፣ ተይ፣ ባላችን እያየን ነው።

ባላችን። አልኩት እኮ፣ ከአፌ ወጣ፣ ባላችን።