የበላነው ጡረታ

እና ደግሞ ለማኅተም ብላ፣ ለአንዲት ክብ የጎማ ቁራጭ ብላ፣ ይኸው ጵርስቅላ ዱቄት ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች፣ ጋሼ ሆሴዕ ይጸልያሉ፣ ረጅም ነው የያዙት ዛሬ፣ ሌላ ቀን ሥራ አስኪያጅ መሆናቸው ትዝ እያላቸው ወፍጮው እንዳይበላሽ፣ መብራት እንዳይጠፋ፣ መኪናው ከአዲሎ ገበያ በሰላም እንዲመለስ ብለው ሰውን ወደ ሥራው ይለቁት ነበር፣ ዛሬ ግን ከአዳም ጀምረዋል። ገና ኖኅ ጋ አልደረሱም። ሪፖርቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ቦርሳው ብብቷ ሥር ነው፣ ማኅተሙ ጋሼ ሆሴዕ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የመሳቢያው ቁልፍ ጋሼ ሆሴዕ ኪስ ውስጥ ነው፣ ጋሼ ሆሴዕ ደግሞ እግዚአብሔር ፊት ናቸው፣ እንግዲህ ማን ያናግራቸው።

ትናንት እኮ አልቆ ነበር ነገሩ። የጡረታ ፈንዱን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ድረስ በባጃጅ ሄዳ፣ ተሰልፋ፣ ሰነድ ተቀባዩ ወልደ ሰንበት ፊት ደርሳ፣ ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን አገላበጠው፣ እህቴ ይሄ ማኅተም የለውም፣ የለውም ወንድሜ ፊርማዬ ግን አለበት፣ የሠራተኞቹ የጡረታ ፈንድ ጸሐፊ ነኝ፣ ፈንዱ ያለበትን መክፈል ሲያቅተው ለመንግሥት አሳውቂ የሚለው መመሪያ የሚይዘው እኔን ነው፣ ልክ ነሽ አንቺን ነው፣ ታዲያ ተቀበለኛ፣ ማኅተም ሲኖረው እቀበልሻለሁ፣ ማኅተሙን የያዙት እኮ ይሄ ወረቀት እንዳይገባ የሚፈልጉት ሰው ናቸው፣ እሱን እዚያው ተነጋገሩ፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት ለእኛ ሶፍት ነው። ሶፍት! ስንት ቀን ደም ተፍታበት። ባለጉዳዮቹ ሁሉ ዞር ብለው አዩዋት፣ ሼም ነው፣ ወጣች፣ ደጁ ላይ ቆማ መሳቅ ቃጣት፣ ምክንያቱም ሰውዬው ልክ ነው፣ ያለ ማኅተም በዚህ አገር ሰው ሞቷል ተብሎ እንኳ አይታመንም።

ጌታ ሆይ አንድነታችንን ጠብቅልን፣ ይላሉ ጋሼ ሆሴዕ፣ ጠላት በመካከላችን ቀዳዳ እንዳያገኝ። አሜን ይላል ግቢው። እሷም ከንፈሯ አሜን ይላል፣ ልማድ ነው፣ አፍ ከልብ ቀድሞ ይሄዳል። ቀዳዳውስ አለ ጋሼ፣ ቀዳዳውማ ሠንጋ ያሳልፋል።

ሠንጋውን ማን አስታወሳት። እንዴት እንደተበላ ቢነገር የሌላ አገር ሰው አያምንም፣ ሌብነት ቢሆን እንዴት በቀለላት፣ ሌባ ይያዛል፣ ይከሰሳል፣ ሰውም ረግሞት ያርፋል። ይሄ ግን መስቀል ነው። መስቀል ሲደርስ ሀዲያ ውስጥ ሥጋ የማይገባበት ቤት የለም፣ ሴቱ ቅቤውን ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማል፣ ወንዱ ለበሬው ይቆጥባል፣ ተበድሮም ቢሆን ከቅርጫው ድርሻውን ያነሳል፣ እና ስንዴ ከገበያ የጠፋበት ዓመት ፋብሪካው ባዶውን ሲቀር ጋሼ ሆሴዕ ሠራተኛው ፊት ቆመው ዘንድሮ የበሬ መግዣ አንሰጥም ማለት አቃታቸው። አቃታቸው በቃ። ከፈንዱ ኮሚቴ ጋር ተመካክረው ከጡረታው ፈንድ አወጡት፣ ለመኸር እንመልሰዋለን ብለው፣ ሠራተኛው ከፋብሪካው ኪስ የወጣ ስጦታ መስሎት እጁን ዘርግቶ መረቃቸው፣ ዘርህ ይባረክ፣ ከፊት ያለው አይጥልህ፣ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ተመረቁ። በዓመቱም መስቀል መጣ። መስቀል መቼ ይቀራል። ያን ጊዜም ስንዴ አልነበረም፣ ያን ጊዜም ከፈንዱ፣ እያለ እያለ፣ ከዚያ ፋብሪካው በየወሩ የሚጨምረውን ድርሻውንም ማስገባት ተወ፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ብቻ መቆረጡ ቀጠለ። ሰዉ እርጅናውን በሚጥሚጣ በላው። በቅቤ ከራሰው የቡላ ምግብ፣ ከአተካና ጋር አወራረደው፣ ቅቤው በክርኑ እስኪወርድ። እሷም በልታለች፣ ያኔ ጸሐፊ አልነበረችም፣ አላወቀችም፣ ደግሞ ሥጋው ጥሩ ነበር፣ ጥሩውን ጥሩ ማለት ነው።

አሁን ኖኅ ጋ ደርሰዋል። መርከቡን እየሠሩ ነው።

ጠዋት አጵሎስ ምን አለ፣ ደብተር እያረመ፣ ባሏ መምህር ነው፣ ቀና ሳይል፣ አንቺ ብቻ ነሽ የዚያ ፋብሪካ ሰው? ተይው ባክሽ፣ ጋሼ ሆሴዕ እኮ ለእኛ ጋብቻ ሽማግሌ ሆነው አባትሽ ደጅ የቆሙ ሰው ናቸው፣ አባትሽ እምቢ ሲል ሦስቴ የተመላለሱት እሳቸው ናቸው። ያውቃል የት እንደሚወጋ። እሷ የምትረሳው መስሎት፣ አትረሳም፣ ጋሼ ሆሴዕን ትወዳቸዋለች፣ መጥፎ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይሄኔ ነገሩ ካለቀ ሰንብቷል። ምን ልታደርጊ ነው፣ አላት አጵሎስ፣ ሥራዬን፣ አለችው፣ ሻዩን ሳትጨርስ ወጣች።

ባለፈው ጋሼ ሆሴዕ ቢሮ ጠርተዋት በር ዘግተው፣ ልጄ፣ ባንኩ ብድሩን ሊለቅልን ጫፍ ላይ ነው፣ ይሄ ወረቀት መንግሥት ቤት ገባ ማለት ነገ ባንኩ ሰማ ማለት ነው፣ ብድሩ ቀረ ማለት ነው፣ ወፍጮው ቆመ ማለት ነው፣ ለማን ብለሽ ነው ገመናችንን አደባባይ የምታወጪው፣ እስከ መኸር ታገሺኝ። ጋሼ አምናም እስከ መኸር ብለዋል። ዘንድሮ ይለያል። በምን ይለያል ጋሼ? በጸሎት እንያዘው፣ አሉ። በጸሎት እንያዘው! እዚህ ከተማ በጸሎት የተያዘ ነገር ሁሉ ቢለቀቅ መንገድ አይበቃውም። የተጣላ ወንድማማች በጸሎት ይያዛል፣ የፈረሰ ድልድይ በጸሎት ይያዛል። እሷ በጸሎት ታምናለች፣ ከልቧ ታምናለች፣ ለዚህ ነው የሚያናድዳት፣ ጸሎት መሳቢያ አይደለም ነገር ቆልፈው የሚያስቀምጡበት።

ክርኗን የሆነ ነገር ይነካታል፣ አስካለች ናት፣ ጎኗ ቆማ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፣ ስትጸልይ እንደዚያ ናት፣ ጆንያ ጆንያ ትሸታለች፣ ዕድሜ ልኳን ጆንያ ስትሰፋ የኖረች ሴት ሌላ ምን ትሽተት። በዚህ ወር መጨረሻ በጡረታ ትወጣለች። ቦኖሻ ትገባለች፣ ልጇ ጋ። የምትገዛትን ላም አይታለች፣ ስለ ላሟ ለግቢው ሁሉ አውርታለች፣ ጵርስቅላ ልጄ ረጋ ያለች ላም ናት፣ ሕፃን ያልባታል፣ የኔ ነገር ሲያልቅ ነይና ወተት ትጠጫለሽ። የኔ ነገር የምትለው ክፍያዋን ነው።

እና ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እስካሁን የወጡት ሙሉውን ይዘው ሄደዋል፣ አስካለችም ዝም ከተባለ ሙሉውን ይዛ ትሄዳለች፣ ከእሷ ኋላ ግን የምትቀረው ፈንድ ጭላጭ ናት፣ እነዚያ ሚዛን ላይ የቆሙት ልጆች፣ ሾፌሩ ናስረዲን፣ ጽዳቶቹ፣ ራሷ ጵርስቅላ፣ መዝገብ ላይ ስማቸው አለ እንጂ የሚደርሳቸው የለም። ሪፖርቱ ከገባ ደግሞ መንግሥት መርማሪ ይልካል፣ ፋብሪካው በግድ የመመለሻ ውል ይፈርማል፣ እስከዚያ ግን ክፍያ ይቆማል፣ ለማንም አይከፈልም፣ መጀመሪያ የሚቆመው ደግሞ ተራው የደረሰው ሰው ነው። አስካለች። ጵርስቅላ አንድ ወር ብትጠብቅስ፣ አስካለች ወስዳ ትሂድ፣ ከዚያ ሪፖርት፣ ማን ያውቃል፣ ማንም አያውቅም፣ እሷ ግን ታውቃለች፣ ከአስካለች ቀጥሎ ደግሞ ሌላ አስካለች አለች፣ ለእሷም አንድ ወር፣ ለዚያኛውም፣ ጋሼ ሆሴዕም እኮ እንዲህ ነው የጀመሩት፣ በማዘን ነው የጀመሩት። አይሆንም። ዛሬ ማኅተሙን ይዛ ትወጣለች ከዚህ ግቢ። አለቀ።

እና አሁን፣ ይላሉ ጋሼ ሆሴዕ፣ ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ እህታችን ጵርስቅላ በጸሎት ትዝጋልን።

ኧ?

አቤት ብልሃት። ስለ አንድነት ያን ሁሉ ብለው፣ ስለ ገመና፣ ስለ ጠላት ቀዳዳ፣ መዝጊያውን ለእሷ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከዚህ በኋላ ሰላም ስጠን ከማለት ሌላ ምን ትላለች፣ ሰላም ስጠን ካለች ደግሞ ከአሜን በኋላ በምን አፏ ማኅተም ትጠይቃለች። ዓይኗን ገለጥ ታደርጋለች፣ ሁሉም ጨፍኗል፣ ጋሼ ሆሴዕ ብቻ በአንድ ዓይናቸው ያዩዋታል፣ ሽማግሌ ሆነው አባቷ ደጅ የቆሙበት ዓይን ነው፣ ልጄ አደራ የሚል። ያኔ ነው ሐሳቡ የሚመጣላት። በዚህ አገር ጸሎት የሚያቋርጥ ሰው አልተወለደም። አማቷን በጸሎት ውስጥ የምታማ ሴት እንኳ እስከ አሜን ድረስ ትደመጣለች፣ አማትየዋም ጨፍና ትጠብቃለች።

ትጨፍናለች።

ጌታ ሆይ፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ትጠርገዋለች፣ ጌታ ሆይ አንተ ሁሉን ታውቃለህ፣ ይህ ሕዝብ ግን አያውቅምና ዛሬ በፊትህ እንነግረዋለን። የጡረታ ፈንዳችን ጎድሏል። ያለበትን ዕዳ ሁሉ መክፈል አይችልም። ፋብሪካው ድርሻውን ማስገባት ካቆመ ቆይቷል፣ ለመስቀል የበላነውም ሥጋ ስጦታ አልነበረም፣ ከገዛ ጡረታችን የወጣ ነው፣ ሁላችንም በላነው፣ እኔም በላሁ። ግቢው ውስጥ የሆነ ድምፅ፣ ትንፋሽ፣ አንድ ሰው እህ ይላል፣ ጋሼ ሆሴዕ ይስላሉ፣ እንደገና ይስላሉ፣ ይሳሉ፣ ሳል አሜን አይደለም። አባታችን ጋሼ ሆሴዕ አልሰረቁም ጌታ ሆይ፣ ለራሳቸው አንዲት አልወሰዱም፣ ሲያዩን አሳዘንናቸው፣ እምቢ ማለት አቃታቸው፣ አንተ ልባቸውን ታያለህ። ሳሉ ይቆማል። ሕግ አለ፣ እንዲህ ሲሆን ለመንግሥት አሳውቁ ይላል፣ ጽፌዋለሁ፣ ያለ ማኅተም ግን አይቀበሉኝም። ስታወራ ምላሷ ይፈታል፣ የቢሮ ቋንቋውም የቤተ ክርስቲያኑም ተቀላቅሎ ይወጣል፣ ይቀላቀል፣ ማን ይከለክለዋል።

አሁን የቀረው ያ ነው። ትዘለዋለች? አትዘለውም።

ሪፖርቱ ሲገባ ክፍያ ይቆማል ጌታ ሆይ። መጀመሪያ የሚቆመው የእህታችን የአስካለች ነው። ክርኗ ላይ የነበረው ሙቀት ይሸሻል። አስካለች መወዛወዟን ትታለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆም አላውቅም፣ ትላለች ጵርስቅላ፣ እንባዋ ይመጣል፣ አትጠርገውም፣ ዋሽቼ አላውቅም አልልህም ዛሬ ግን አልዋሽም፣ አላውቅም፣ ካልገባ ግን እዚህ ከቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ ሲያረጁ የሚጠብቃቸው ምንም ነገር የለም። በኢየሱስ ስም።

አሜን የሚል የለም። ወፍጮው አልተነሳም፣ ባጃጅ ከአጥር ውጭ ታልፋለች፣ በጸሎት አሜን ሲጠፋ ሰምታ አታውቅም፣ በልቅሶ ቤት እንኳ፣ ዓይኗን መግለጥ ትፈራለች፣ ከዚያ ትገልጣለች፣ ማኅተሙን ሳትይዝ አትወጣም ብላለች አትወጣም፣ እዚሁ ታድራለች፣ ማንም አሜን አይበል፣ ራሷ ልትለው አፏን ትከፍታለች።

አሜን።

የአስካለች ነው። ሻካራ ነው፣ የተናደደ ሰው አሜን ነው፣ ወደ ጵርስቅላ አትዞርም፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ከዚያ ናስረዲን አሚን ይላል፣ ከዚያ ሚዛን ላይ ያሉት ልጆች፣ ከዚያ ግቢው፣ አንድ ላይ ሳይሆን እየተንጠባጠበ፣ አንዳንዱ እያጉረመረመ፣ ሁሉም ግን ይላል። ጋሼ ሆሴዕ ብቻ ጨፍነው ቆመዋል። ሰው ሁሉ ዓይኑን ገልጦ ያያቸዋል።

ሆሴዕ፣ ትላለች አስካለች፣ ጋሼም አቶም ሳትጨምር፣ አንተም አሜን በል።

ጋሼ ሆሴዕ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም፣ ሁለተኛ ይሞክሩታል፣ አሜን፣ ይላሉ፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ቁልፉን ይፈልጋል፣ ጵርስቅላ ወረቀቱን ከቦርሳዋ እያወጣች ወደ ቢሮው ትቀድማቸዋለች።