ሸዋረጋ ያልተጠየቀችበት ሙቀት

ሸዋረጋ ባሏን ትታ ዙሪክ፣ ቪዲኮን፣ እህቷ ጽዮን ዘንድ ልትገባ የተነሳችው ቤቱን በሚያሞቀው የምድር ቤት ቦይለር የተነሳ ነው። በመጠጥ፣ በሌላ ሴት፣ በዘመድ ጣልቃ ገብነት የተጣሉ ባልና ሚስት አስታርቀን እናውቃለን። በቦይለር ግን የመጀመሪያችን ነበር። ቅዳሴ እንደወጣን ትራም ይዘን ባልና ሚስቱ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ሜራን ወረድን። ጋሽ ካሣዬ፣ አስፋና እኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ከፈለ፣ የትራም ሾፌር ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው፣ የእህቷን ልጅ እዮብን ከዙሪክ አስመጥቶ በሰሜን በኩል ባለው የውጭ ግድግዳ ላይ ሳሙና የምታክል ነጭ ሳጥን አስመታ። እዮብ ሥራው ማሞቂያ መግጠም ነው። ሳጥኗ የውጭውን ብርድ እየለካች በሽቦ ለቦይለሩ ትነግረዋለች። ውጭ ሲበርድ ቦይለሩ ይበረታል፣ ሲሞቅ ይለግማል። ከፈለ ይህን ሲያስረዳን ስለ ዩኒቨርሲቲ ልጁ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ በፊት ሸዋረጋ ሲበርዳት “ከፈለ” ትላለች፤ እሱም ወርዶ ያዞረዋል። ትዳሩ ሲጀመር ጀምሮ እንዲህ ነው። አሁን ስትጠራው ተነስቶ በመስኮት ያይና ውጭ ዘጠኝ ዲግሪ ነው ይላታል።

“እኔ የምኖረው ውጭ ነው?” አለችን።

ጋሽ ካሣዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቤቱ ምን ያህል እንደሚበርዳት ጠየቋት።

“አይበርደኝም።”

“ታዲያ?”

“ሳልጠየቅ ነው የሞቀኝ።”

ሦስታችንም ወንበራችንን ጠጋ አደረግን። ክሱ ከባድ እንደሆነ ገብቶናል። ከፈለ በበኩሉ እሷን ያስቀየመቻት ሳጥኗ እንጂ እሱ እንዳልሆነ ተናገረ። አስፋ፣ ፓኪ ሰፈር ሱቅ ያለው፣ እንግዲያው ሳጥኗ ይቅርታ ትጠይቅ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህንም ተወያየንበት። በመጨረሻ፣ የሰቀላት እዮብ ስለሆነ እሱ ይምጣ ተባለ፤ ሸዋረጋም እስከዚያ ላትሄድ ቃሏን ሰጠች።

በሳምንቱ እዮብ የሆነ ቦታ ውሃ የፈሰሰ መስሎት የመፍቻ ሻንጣውን ይዞ ከች አለ። ነገሩን ሲሰማ ቀለል ብሎት፣ ሳሎን ውስጥም ሌላ መለኪያ መግጠም እንደሚቻል፣ በስልክም ማዘዝ እንደሚቻል፣ “ኩርቨው” የሚሉት የቦይለሩ የሙቀት ልክ ከፍ ቢደረግ ቤቱ የበለጠ እንደሚሞቅ ይዘረዝር ጀመር።

“ልጄ፣ የጠራንህ ለሙቀት አይደለም” አሉት ጋሽ ካሣዬ።

በደንቡ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው። ድንጋይ ፈልገን ወጣን። ደጅ ያሉት ድንጋዮች በሙሉ የኮሚዩኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ንብረት ሆነው አገኘናቸው። ስለዚህ እዮብ የመፍቻ ሻንጣውን ትከሻው ላይ ተሸከመ፤ ከድንጋይም ይከብድ ነበር መሰለኝ፣ ፊቱ ቀላ። አክስቱ ፊት ቆሞ፣ ጋሽ ካሣዬ እንዳስጠኑት፣

“አክስቴ፣ ሳልጠይቅሽ ሰቀልኩት። አሁን የት ላድርገው?” አላት።

ሸዋረጋ ሻንጣው ከትከሻው እስኪንሸራተት ድረስ አሰበች።

“ፍሪጅ ውስጥ።”

እዮብ ሳቀ። ሌላ የሳቀ ስላልነበረ ተወው። ፍሪጅ ሁልጊዜ አራት ዲግሪ እንደሆነ፣ ቦይለሩ ውጭው ዘላለም አራት ዲግሪ እንደሚመስለው፣ በሐምሌ ሙቀትም ቢሆን ቤቱን ማሞቁን እንደማይተው እየተንተባተበ አስረዳ።

“ይምሰለው” አለች። “ወጥ ቤቱ የኔ ነው። መጥቶ እኔን ይጠይቅ።”

ከፈለ ተቃውሞ እንዳለው ተጠየቀ። ሐምሌን ምን እናደርገዋለን ብቻ አለ። ጋሽ ካሣዬ በሐምሌ ሌላ ሽምግልና እንደሚቀመጡ ቃል ገቡለት።

እዮብ ግድግዳው ላይ ያለውን ነቅሎ፣ አዲስ ሽቦ ከምድር ቤት ወደ ወጥ ቤት አወጣ። በፍሪጁ በር ጎማ በኩል አሹልኮ ሳጥኗን ከቅቤው ጎን አስቀመጣት። ሸዋረጋ አየችና አንስታ ወደ በሩ አስጠጋቻት።

“እዚያ ጥግ ላይ ይበርዳታል” አለች።

“አክስቴ፣ መብረድ ነው ሥራዋ።”

“ቢሆንም።”

ብዙ ሳይቆይ ከታች ቦይለሩ ሲያጓራ ተሰማ። ውጭ ፀሐይ ነበር። አስፋ ኮቱን አወለቀ፤ ጋሽ ካሣዬ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። በዚህ መሃል ጽዮን ከዙሪክ ደወለች፤ አልጋውን እንዳነጠፈች ልትነግራት፣ ሸዋረጋም በስንት ሰዓቱ ባቡር እንደምትመጣ ልታውቅ ነበር።

“አልመጣም” አለቻት ሸዋረጋ። “እንዴት ትቼ እመጣለሁ? ፍሪጁን ክፍት ቢተውት ውጭው ይሞቃል፤ ቦይለሩም ይለግማል።”

ከፈለ ሹራቡን አውልቆ አጣጠፈና ጭኑ ላይ አስቀመጠ።