የአምሳለች መርዶ

ከብት የሚከትብ ሰው እጁ የራሱ አይደለም። አንዱ መርፌ ይዟል፣ ሌላው የወይፈን ቀንድ። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በድምፅ የሚታዘዝ የስልክ ረዳት ሲያመጣ፣ የቢቸናው ክትባት ቡድን መሪ ስጦታው እንደ ልጅ ፈነጠዘ። ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ይወትፍና ሞተር ሳይክሉ ላይ እንዳለ ያዛል፤ «ነገ የገበያውን በጎች ለዘመነ ስጥ»፣ «መድኃኒቱን አምሳለች ታምጣ»። ረዳቱ ተቀብሎ በየሠራተኛው ጆሮ ያደርሳል። ድሮ ስጦታው ሥራ የሚያከፋፍለው በየቀበሌው እየዞረ፣ የቤተሰብ ደኅንነት እየጠየቀ፣ የቀረበለትን ጠላ እየቀመሰ ነበር። ያ ሁሉ ልፋት ቀረልኝ ይላል። ልፋት ያለው ይህንን ነው እንግዲህ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሱ ጨመረበት። ሠራተኞቹ «ሥራዬን ለምን ነጠቅኸኝ» እያሉ ሲነታረኩበት ጊዜ፣ ሥራው የተነሣበት ሰው ምክንያቱ አብሮ እንዲነበብለት አደረገ። ንትርኩ ቆመ፤ ስጦታውም በብልሃቱ ኮራ።

ግንቦት ላይ አንድ ረፋድ፣ ወደ ስብሰባ እየከነፈ ሳለ ከሞጣ ተደወለለት። የአምሳለች አክስት እትዬ ይርጋነሽ ናቸው።

«ስጦታው ልጄ፣ ወንድሜ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ አረፉ። ልጅቱ እንዳትሰማ አደራህን። አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል በሏትና አምጡልን። እኛ እቤት ሰብሰብ ብለን እናረዳታለን።»

«ምን ዓይነት ነገር ነው! ግድ የለም እትዬ፣ አደራው የኔ ነው» አለ። አምሳለች ለአባቷ ብቸኛ ልጅ ናት። ወደ ኋላ ቢመለስ ያለችበት ቀበሌ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ግን ስብሰባው ይረፍድበታል፤ ዘመነ ደግሞ መኪና ይዞ እዚያው አጠገቧ አለ። እንደለመደው ለረዳቱ ተናገረ።

«የአምሳለችን ሥራ አንሣ። ዘመነ በመኪና ሞጣ ያድርሳት። አባቷ ስላረፉ ነው። እሷ እንዳትሰማ።»

«ተመዝግቧል» አለው ረዳቱ። ስጦታው ሞተሩን አስጓራና መንገዱን ቀጠለ።

ብዙም ሳይቆይ ዘመነ ደወለ። «ጋሼ፣ ምን ጉድ ነው ያደረጉት?»

አምሳለች በገበሬዎች መሀል ወይፈን እየወጋች ነበር። ድምፁ በጆሮዋ ገባና አንድም ቃል ሳያስቀር አነበበላት፤ ሥራሽ ተነሥቷል፣ ምክንያቱም አባቷ ስላረፉ ነው፣ እሷ እንዳትሰማ። ሁለቱም እጆቿ ተይዘው ስለነበር ማዳመጫውን እንኳ መንቀል አልቻለችም። መርፌውን ጨርሳ፣ ወይፈኑን ለቅቃ፣ ከዚያ ነው ጭቃው ላይ ዘጭ ያለችው። ገበሬዎቹ ምን እንደነካት አላወቁም። አንዱ ወይፈኑ ረግጧት ይሆናል ብሎ እግሯን ያይ ነበር።

ስጦታው ሞተሩን አቆመ። አሁን አቆመ! ያንን የብልሃት ትእዛዝ የሰጠው ራሱ ነው፤ ማንን ይውቀስ? ሃያ ደቂቃ ነበር የተጠየቀው፤ ለሰው ልጅ ሐዘን ሃያ ደቂቃ ነፈገ። መንገድ ዳር ቆሞ ራሱን ረገመ፤ ከዚያ ወደ ሞጣ ዞረ።

ለቅሶ ቤት ሲደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አምሳለችን ቀና ብሎ ለማየት ድፍረት አጣ።

«ማን ነው ያረዳት?» አሉ እትዬ ይርጋነሽ። «ፊቷን ነጭታ ነው የመጣችው። ስጦታው፣ አደራ አላልኩህም?»

ሊናዘዝ አፉን ከፈተ። አምሳለች ቀደመችው።

«እሳቸው ናቸው እትዬ። እኔው ጨቅጭቄ ነው ያወጣጣኋቸው። ራሳቸው መጥተው፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ ትከሻዬን ይዘው ነው የነገሩኝ። ብቻዬን አልነበርኩም።»

የአሮጊቷ ፊት ፈታ አለ። ተነሥተው መጡና ግንባሩን ሳሙት።

«ተባረክ ልጄ። በክፉ ቀንህ አንተንም ሰው አይንሳህ።»

ለቀስተኛው ሁሉ «አሜን» አለ። ስጦታው አምሳለችን አያት፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። ሁሉም የሱን ይጠብቁ ነበርና እሱም አሜን አለ።