የኤሊሳ ፊት

ለቢባ ሐዳድ ጎብኚ አትወድም ነበር። ለጢሮስ ከተማ አስጎብኚ ይህ ትልቅ ነውር ቢሆንም፣ እሷ ደብቃው አታውቅም። ከቤሩት በአውቶቡስ ተጭነው የሚመጡትን ሰዎች ገና ከበሩ ሲገቡ ዓይነታቸውን ትለያለች። አንዱ የጥንቱን የፈረስ መጋለቢያ ሜዳ አይቶ “ሠረገላዎቹስ የታሉ?” ይላል። ሌላዋ የሮም ዘመን የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ላይ ተደላድላ ሳንድዊቿን ትገምጣለች። ሌላው ደግሞ ዘወር ብሎ ዓምዱ ላይ ስሙን በቁልፍ ይጭራል። “ይሄን ሁሉ ማን አፈረሰው?” ብለው ሲጠይቋት “እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች” ትላቸዋለች። ቀልድ እየመሰላቸው ይስቃሉ።

የከተማዋንም ሰው ቢሆን ከጎብኚው አስበልጣ አትወደውም። ወደቡ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች የጥንቱን ነገሥታት ተከፋፍለው ስማቸውን በራቸው ላይ ለጥፈዋል። ለሰሎሞን ዝግባ የላከው ኪራም ዛሬ የተጠበሰ ዓሣ ይሸጣል፤ ከተማዋን ያጋየው እስክንድር አይስክሬም ይሸጣል። የነገሥታት ልብስ የተነከረበት ሐምራዊ ቀለም የሚወጣው ከባሕር ቀንድ አውጣ እንደነበር የሚነግራቸው ቢያገኙም ጆሮ አይሰጡም፤ ቀንድ አውጣውን ግን ማግኔት ለጥፈውበት ለፍሪጅ ጌጥ ያደርጉታል። ለቢባ በዚያ በኩል ስታልፍ ከንፈሯን እንደመጠጠች ነው።

ሸፊቅ ዛህር ከአቢጃን ሀብታም ሆኖ የተመለሰው በአንድ ሰላም በነበረበት የጸደይ ወቅት ነው። ሸፊቅን ጢሮስ በሙሉ ያውቀዋል፤ ለቢባ ግን ከሁሉም ቀድማ ታውቀዋለች። ሁለቱም የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ልጆች ናቸው። በወጣትነታቸው ቀለበት አስሮላት፣ “ትንሽ ብቻ ታገሺኝ፣ ትኬት እልክልሻለሁ” ብሎ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄደ። መጀመሪያ ድምፁን የቀዳበት ካሴት ላከላት። ከዚያ ዝም አለ። የአሠሪውን ልጅ ማግባቱን የሰማችው ገበያ ወጥታ ከዓሣ ሻጭ አፍ ነው። ዓሣዋን ገዝታ ቤቷ ገባች፣ ጠበሰችው፣ በላች። እናቷ አሁን ታለቅሳለች ብላ ስትጠብቅ፣ እሷ አጥንቱን ለድመቷ ወርውራ እጇን ታጠበች። ከዚያ በኋላ ታሪክ ተማረች፣ የአስጎብኚነት ፈቃድ አወጣች፣ አላገባችም። ለምን ብለው ለሚጨቀጭቋት መልሷ አንድ ነበር፤ ከሕያዋን ሙታን ይሻላሉ፣ ሌላው ቢቀር እመለሳለሁ ብለው አይዋሹም።

ከንቲባው አስጠርቶ ሸፊቅ ለከተማዋ ሐውልት ማሠራቱን ነገራት። የጢሮሷ ንግሥት ኤሊሳ ወደቡ መግቢያ ላይ ልትቆም ነው፤ አዲስ የቱሪስት መስህብ። ሸፊቅ ከአቢጃን እንግዶች ይዟልና፣ ከምርቃቱ በፊት ፍርስራሹን እንድታስጎበኝለት ስሟን ጠርቶ ጠይቋል። ለቢባ እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አሰበችና ዘጋችው። ዕድሜ ልኳን ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረውን ነገር በሰው ፊት የምትተፋበት ቀን መጣላት ማለት ነው። “ደስ ይለኛል” አለች።

በምርቃቱ ቀን ሸፊቅ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ቦርጩን እያስቀደመ ከመኪናው ወረደ። ሚስቱ ኢንዓም ከኋላው በረጅም ተረከዝ ፍርስራሹ መሃል እየተንገዳገደች መጣች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ በወርቅ አምባር ተሞልቷል። ይቺ ደግሞ የምትንቀሳቀስ የወርቅ ቤት መስኮት ናት፣ ብላ አጉረመረመች ለቢባ።

“ለቢባ፣ አንቺ'ኮ ምንም አልተለወጥሽም” አላት ሸፊቅ በእንግዶቹ ፊት።

“እርስዎ ግን በጣም ተለውጠዋል” አለችው፤ “እርስዎ” የምትለውን ቃል እንደ ዓሣ እሾህ ከምላሷ ለይታ እያወጣች።

እሱ አክብሮት መሰለውና ደረቱን ነፋ።

እየመራች ወሰደቻቸው። እስክንድር ደሴቲቱን መያዝ ቢያቅተው፣ ከየብስ በኩል የነበረችውን አሮጌዋን ጢሮስ አፍርሶ በፍርስራሿ ባሕሩ ላይ መንገድ እንደሠራ ነገረቻቸው። አሸዋው ዳር ዳሩን እየሞላ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ገጥማ ቀረች፤ አሁን የቆማችሁት በዚያ ላይ ነው አለቻቸው። አንዱ እንግዳ ጫማውን አንሥቶ ሥሩን አየ። ለቢባ ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቀለች። ከዚያ ወደ ባሕሩ በሚወርደው፣ በሁለት ረድፍ ዓምድ በታጠረው መንገድ ጫፍ ላይ አቆመቻቸውና የኤሊሳን ታሪክ ጀመረች። ወንድሟ ለወርቁ ሲል ባሏን እንደገደለባት፣ እሷም ወርቁን ጭና በስውር በመርከብ እንደሸሸች፣ አፍሪካ ዳርቻ ወርዳ ሌላ ከተማ እንደቆረቆረች ተረከች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሸፊቅ አዞረች።

“ጢሮስ የምታከብረው ጥሏት የሄደውን ነው። ኤሊሳ ሄደች፤ ይኸው ሐውልት ተሠራላት። በማግሥቱ ወደብ ወርደው መርከቧን ሲፈልጉ ያጧትን ሰዎች ግን ስማቸውን የሚያውቅ የለም። አፍሪካ ደርሶ ለሚመለስ ይጨበጨብለታል። የጠበቀው ሰው አስጎብኚ ሆኖ ይቀራል።”

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሸፊቅ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ፣ ስለ እኛ ስደተኞች እንዲህ አሳምሮ የተናገረ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም እያለ ግራና ቀኙን ያወራ ጀመር። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነ። ያን ያህል ዘመን ስትስለው የኖረችው ቢላ ስብ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ያላጨበጨበችው ኢንዓም ብቻ ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ለቢባን ትክ ብላ ታያት ነበር።

ወደቡ ጋ ሲደርሱ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ከንቲባው ተናገረ፣ ሸፊቅ ተናገረ፣ መጋረጃው ተገፈፈ። ንግሥቲቱ ነሐስ መስላ የተቀባች ፕላስቲክ ነበረች፤ አንዲት ትንሽ መርከብ እንደ ዳቦ ብብቷ ሥር ሸጉጣለች። ለቢባ ልትስቅ ስትል ዓይኗ ፊቱ ላይ አረፈ። ሰፊ ግንባር፣ የተገጠሙ ቅንድቦች፣ ልጅ ሆና ከዓምዶቹ ላይ ወድቃ ወደ ግራ ዘመም ያለች አፍንጫዋ ሳይቀር። መረብ እየጠገኑ የተቀመጡት ሽማግሌ አቡ ኢልያስ መርፌያቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ “ይቺ'ኮ የእኛዋ ለቢባ ናት” አሉ። ሰዉ ሁሉ ከሐውልቱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ሐውልቱ አየ።

ሸፊቅ ተጠግቷት በሹክሹክታ የድሮ ፎቶዋን ለቀራፂው መስጠቱን ነገራት። “ካሳ ይሁንሽ ብዬ ነው” አለ።

የሚያበሳጫት ፍቅር እንዳልሆነ ለቢባ ታውቃለች፤ እሱ ድመቷ አጥንቱን የቆረጠመች ዕለት አልቋል። ያንገበገባት ሌላ ነው። ይህ ሰው የወጣትነት ፊቷን እንደ ራሱ ዕቃ ሻንጣው ውስጥ ይዞት ኖሯል። እሷ ግንባሯን ለዚህ ከተማ ፀሐይ እየሰጠች ስታረጅ፣ እሱ ያላረጀውን አስቀምጦ፣ ሳይጠይቃት ለአደባባይ አወጣው።

“ሸፊቅ” አለችው፣ አሁን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ኤሊሳ ጥላ የሄደች ሴት ናት። እኔ የትም አልሄድኩም። የሄድከው አንተ ነህ። የራስህን ፊት ለጥፈህባት ቢሆን ያምርባት ነበር።”

ጥላው ሄደች።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በቀጣዮቹ ቀናት ጎብኚው ዓምዱንም መቃብሩንም ማየት ተወ፤ የሚፈልገው ለቢባን ከሐውልቱ ጎን አቁሞ ፎቶ ማንሣት ብቻ ሆነ። “እመቤት ለቢባ፣ እባክዎ እንደ ንግሥቲቱ ቀና ይበሉልን” ይሏታል። ከንቲባው ሳይቀር እንደ ሐውልቱ ያለ ቀሚስ ቢሰፋልሽ ለከተማዋ ጥሩ ነው ብሎ ላከባት። ለቢባ የአስጎብኚነት መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ለተላላኪው ሰጠችውና፣ ቀሚሱን ራሱ ከንቲባው ይልበሰው ብላ በሯን ዘጋች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ኢንዓም ነበረች፤ አምባሮቿን አላደረገችም፤ ጫማዋም ነጠላ ነው። ሳትጋበዝ ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ሐውልቷን የሞተች እህቴ ናት ብሎኛል” አለች። “ሸፊቅ እህት ነበረችው?”

“ከወንድሞቹ በቀር የለውም።”

“ፊቱ የእርስዎ ነው?”

“የእኔ ነው። አልሰጠሁትም እንጂ።”

ኢንዓም በመስኮቱ ባሕሩን እያየች በአፍንጫዋ ሳቀች። “ሰውዬው በአንዲት ፕላስቲክ ሁለት ሴት ሊያታልል! ቢያንስ እብነ በረድ አይሻለውም?” አለች። ቀጥላም ወደ ለቢባ ዞረች። “እርስዎም ያን ቀን የወርቅ ቤት መስኮት ነው ያደረጉኝ። ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ።”

ለቢባ አልካደችም። “አዎ” አለች።

“እኔም ፍርስራሽ መሃል የቀረች አንድ ድንጋይ ናት ብዬ ነበር።”

ለቢባን እንዲህ ፊት ለፊት የናቃት ሰው አልነበረም። እንግዳ ነገር ሆኖ፣ አላስቆጣትም። ተነሥታ ሻይ ጣደች። ሲጠጡ ኢንዓም ስለ ሸፊቅ አወራች፤ ሱቆቹ የአባቷ እንደነበሩ፣ ሐውልቱም የተሠራው በአባቷ ገንዘብ እንደሆነ፣ ሸፊቅ ያዋጣው ነገር ቢኖር ንግግሩን ብቻ እንደሆነ። ምን ይደረግልዎ ብላ ስትጠይቃት ለቢባ ብዙ አላሰበችም።

“ፊቴን አንሡልኝ። ቀሪዋን እንደፈለጋችሁ።”

ቀራፂው ከቤሩት መፋቂያ ማሽኑን ይዞ መጣና በጠራራ ፀሐይ፣ ወደቡ በሙሉ እያየው፣ ንግሥቲቱን ከግንባሯ ጀምሮ ይፍቃት ገባ። ነጭ ዱቄቱ በንፋስ እየተነዳ የእስክንድር አይስክሬም ላይ አረፈ። ሸፊቅ ሮጦ መጥቶ ሥራው እንዲቆም ሲጮህ ኢንዓም ክንዱን ያዘች። “ዝም በል” አለችው በዝግታ፣ “አቧራው አፍህ ውስጥ ይገባል።” ለቢባ ከመረብ ጠጋኞቹ አጠገብ ቆማ አፍንጫዋ ስትጠፋ አየች። ደስታ አልተሰማትም፤ ቀለል አላት እንጂ፣ ልክ የጠበበ ጫማ እንዳወለቀ ሰው።

ሸፊቅ የባሕሩ አየር አልተስማማኝም ብሎ ብዙም ሳይቆይ ወደ አቢጃን በረረ። ኢንዓም ለእኔ ተስማምቶኛል ብላ ቀረች። ለቢባም መታወቂያዋ ተመለሰላት፤ ከንቲባው ሌላ አስጎብኚ ሞክሮ፣ ሰውዬው ጎብኚዎቹን መቃብር ቦታው ውስጥ መንገድ አስቷቸው ነበር። ኢንዓም በየጊዜው ጃንጥላዋን ይዛ ከጎብኚዎቹ ጋር ትገባለች፤ የሞኝ ጥያቄ የጠየቀውን ሰው ለቢባ ሳትቀድማት እሷ በዓይኗ ታደርቀዋለች። በበጋው አጋማሽ ላይ አንቺ መባባል ጀምረው ነበር።

አንድ ቀን ወደቡ ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በለስ ሲልጡ፣ ከቤሩት የመጣ አንድ ወጣት አስጎብኚ ሰዎቹን ፊት በሌላት ንግሥት ዙሪያ ሰበሰበ። ይህች ጥንታዊ ሐውልት ናት አላቸው፤ የእስክንድር ወታደሮች ከተማዋን የያዙ ዕለት በቁጣ ፊቷን በመዶሻ እንዳፈረሱት፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ሊጠግናት እንዳልደፈረ አስረዳ። ጎብኚዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዲት ሴት ለስላሳውን ፕላስቲክ በአዘኔታ ዳሰሰችው።

ኢንዓም አፏን በእጇ አፍና ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። “ተነሥተሽ አታርሚውም?” አለቻት ትንፋሿ ሲመለስ።

“ተያቸው” አለች ለቢባ፣ ከበለሱ እሾህ እየተጠነቀቀች። “ለእነሱ ይቺ ትበዛባቸዋለች።”