አስራ ሁለተኛዋ መርፌ

ሳቢራ በኬንያው ሞያሌ በአንዲት የግል ክሊኒክ ውስጥ አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ቂጥ ስትወጋ የኖረች ነርስ ናት። ነጋዴውንም፣ ፖሊሱንም፣ የጭነት መኪና ሾፌሩንም ሳትለይ ወግታለች። ስለዚህ እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ከናይሮቢ የመጣች ሐኪም ለጤና ባለሙያዎች አኩፓንቸር በሚባለው በቀጫጭን መርፌ ሕመም የማስታገስ ዘዴ የአምስት ቀን መግቢያ ሥልጠና ልትሰጥ ነው ሲባል፣ “እኔን መርፌ ልታስተምረኝ?” ብላ ሳቀች። የሄደችውም የክሊኒኩ ባለቤት ስላዘዛትና ምሳ አለ ስለተባለ ብቻ ነው።

ከሶሎሎም ከጎልቦም የመጡ ነበሩና ሠልጣኞቹ አስራ አራት ሞሉ። አሠልጣኟ ዶክተር ሜርሲ ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ገና ከመጀመሪያው ቁርጡን ነገረቻቸው። “ይኼ ነገር ወባ አያድንም፣ የተሰበረ አጥንት አይጠግንም። አንዳንድ ሕመም ያስታግሳል፣ ያውም አንዳንድ ሰው ላይ። ከዚህ አልፎ ለበሽተኛ ቃል የሚገባ ሰው ሰርቲፊኬት አይጠብቅ። ሌላው፣ መርፌ ስታስገቡ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ስታወጡም ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ።”

ሳቢራ አጠገቧ ወደተቀመጠው ወደ ጃልደሳ ዘወር አለች። ጃልደሳ ከሶሎሎ የመጣ፣ ትከሻው በር የሚዘጋ የጤና መኮንን ነው። “ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችው ቁጥር ልታስቆጥረን ነው?” አለችው በሹክሹክታ።

በመጀመሪያው ቀን ብርቱካን ሲወጉ ዋሉ። ጃልደሳ የራሱን ወግቶ ሲያበቃ መርፌዎቹን ነቅሎ ብርቱካኑን በላው። በሁለተኛው ቀን እርስ በርስ ተወጋጉ። ያ ለአስራ አምስት ዓመት ስንቱን ሕፃን ሲያስለቅስ የኖረ ጃልደሳ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች መርፌ እጁ ላይ ስትቆም አይቶ ዓይኑ ተገለበጠና ከነወንበሩ ወደቀ። ሳቢራ መርፌዋን ቶሎ ነቅላ፣ እግሩን ከፍ አድርጋ አስተኛችው። ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ “ቁርስ ስላልበላሁ ነው” የሚል ነበር። ጠዋት ስድስት ቻፓቲ ቂጣ ሲበላ ግን ሁሉም አይቶታል።

በአራተኛው ቀን እውነተኛ ሕመምተኞች መጡ። ለሳቢራ የደረሷት ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ እየተሻገሩ ግመል የሚነግዱት ሀጂ ሻሪፍ ነበሩ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ቆይቷል። ፍራሹ ላይ ጋደም ብለው ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡና መርፌዋን አዩ።

“መድኃኒቱ የታለ?”

“ሀጂ፣ ይኼ መርፌ መድኃኒት የለውም።”

“ባዶ ነው?”

“ቀዳዳም የለውም።”

“ታዲያ በስለት ልትወጊኝ ነው ከሥራዬ ያስነሳሽኝ?” አሉና ትንሽ አሰቡ። “እሺ፣ ስንት ነው?”

“ለሁለቱ ጉልበት አስራ ሁለት።”

“ለዚህ ሁሉ ሕመም? ሃያ አድርጊው።”

“ሀጂ፣ ገበያ እኮ አይደለም።”

“አስራ ስምንት።”

አማርኛ የማታውቀው ዶክተር ሜርሲ ከዚያ ማዶ “ምን እያሉ ነው?” ብላ በስዋሂሊ ጠየቀች።

“ፈቃዳቸውን እየሰጡ ነው” አለች ሳቢራ።

በአስራ ሁለት ተስማሙ። እስከ ሰባት ድረስ ጮክ ብላ ቆጠረች። ከዚያ ሀጂ ስለምታነክስ አንዲት ግመላቸው ማውራት ጀመሩና ቁጥሩ በወሬው ተዋጠ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መርፌዎቹን እየነቀለች የብረት ሳህን ላይ ስትጥል፣ ጃልደሳ የአልኮል ጠርሙስ ከጠረጴዛ አወደቀ። እሷ ዞራ እስክትሳደብ ሀጂ ተነስተው ቆሙ። ጉልበታቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉ። “ማሻአላህ!” አሉና ሽርጣቸውን እያስተካከሉ ውልቅ አሉ።

ዶክተር ሜርሲ መጣች። “ስንት አስገባሽ?”

“አስራ ሁለት።”

“ስንት አወጣሽ?”

ሳቢራ ሳህኑን አየች። አስራ አንድ። እንደገና ቆጠረች፤ ያው አስራ አንድ። ፍራሹን አገላበጠች፣ መሬቱን በእንብርክክ ዳሰሰች።

“ሰውየው እግር ውስጥ ብትሆንስ?” አለች ሐኪሟ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

ሳቢራ ክው አለች። አስራ ስድስት ዓመት አንድም ቀን እንዲህ አፍራ አታውቅም። ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ወጥታ ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ጉብ አለችና “ግመል ገበያ! ሀራካ፣ ቶሎ!” አለችው ሞተረኛውን። አቧራውን እየጠጣች በረረች።

ሀጂ ሻሪፍ ሰዎች ከበዋቸው ቆመው ነበር። ገና ከሞተሩ ሳትወርድ ጮኸች። “ሀጂ! እንዳይቀመጡ! ሽርጥዎን ይግለጡልኝ!”

ገበያው ጸጥ አለ። አንድ ደላላ አፉን በእጁ ያዘ።

“አስተግፊሩላህ! አንቺ ልጅ፣ በአደባባይ?”

“መርፌ ረስቻለሁ! ጉልበትዎ ላይ አንዲት ቀርታለች!”

ሀጂ ፊታቸው ሲሰርቅ እንደተያዘ ሕፃን ሆነ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እኔ ላይስ የለችም” አሉ ቀስ ብለው።

“ታዲያ የት ናት?”

በአገጫቸው ወደ ጎን አመለከቱ። አንዲት ግመል የፊት እግሯን አንፈራጣ ቆማለች። ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ቀጭን ነገር በፀሐይ ብልጭ ይላል።

“ለእኔ ከሠራች ለእሷ ምን ከለከላት ብዬ ነው” አሉ። “ስትዞሪ ነቀልኳት። አንዲት ናት እኮ!”

ሳቢራ ከሞተሩ ወረደች። ሀጂ የግመሏን ገመድ ያዙ፤ እሷ እያጎነበሰች ቀረበች። ግመሏ አጉረመረመች፤ ቀጥላም ያመነዠከችውን አረንጓዴ ነገር ነጩ ካፖርቷ ላይ ዘረገፈችው። ሳቢራ ዓይኗን ጨፍና መርፌዋን መዘዘችና በኪሷ ከነበረ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ከተተች።

“አስራ ሁለት!” ብላ ጮኸች። ሰዉ አጨበጨበ።

ግመሏ ትንሽ ሄደች። አሁንም ታነክሳለች።

“ስላነሳት ነው” አሉ ሀጂ። “አንድ መርፌ ምን ይሠራላታል?”

ስትመለስ ግም ግም እያለች ነበር። ጃልደሳ በሩ ላይ ጠብቆ “ፍራሽ ሥር አገኘኋት በይ” አላት። ለአፍታ አሰበችበት። ከዚያ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“የት ነበረች?” አለች ዶክተር ሜርሲ።

“ግመል ላይ። ስነቅል አልቆጠርኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ሐኪሟ ደብተሯ ላይ ብዙ ጻፈች። ቀና ስትል “ግመሏስ ፈቃዷን ሰጥታ ነበር?” ብላ ጠየቀች። አልሳቀችም።

በአምስተኛው ቀን ሳቢራ መርፌ እንዳትነካ ተከለከለች። ሥራዋ እየዞሩ ለሌሎቹ መቁጠር ብቻ ሆነ። ጠዋት በንዴት ነበር የቆጠረችው። ከምሳ በፊት ግን ጃልደሳ ጨርሻለሁ ብሎ ካሰናበተው ፖሊስ ጆሮ ላይ አንዲት መርፌ አየችና በኮሌታው ጎትታ መለሰችው። ከዚያ ወዲያ በንዴት አልቆጠረችም።

ሰርቲፊኬት ሲታደል እሷን ዘለሏት። ከሁለት ወር በኋላ ማርሳቢት መጥታ እንድትፈተን ተነገራት።

በሳምንቱ ሀጂ ሻሪፍ ክሊኒኩ መጡ። ሕመሙ ተመልሷል። ሳቢራም እንደገና ለመውጋት ገና ፈቃድ እንደሌላት፣ ቢኖራትም ለዘለቄታው እንደማያድናቸው ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው።

“ሦስት ቀን ሳያመኝ ሰግጃለሁ” አሉ ሀጂ ተቆጥተው። “ሦስት ቀን ቀላል መሰለሽ?”

 ሳቢራ የሕመም ማስታገሻ ሰጠቻቸው፣ እግራቸውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ አሳየቻቸው፤ እያጉረመረሙ ሄዱ።

ሁለት ወሩ ሲደርስ በጭነት መኪና ጋቢና ተጣብባ፣ በዚያ አጥንት በሚያላቅቅ መንገድ ማርሳቢት ወረደች። ተፈተነች፣ አለፈች። በተመለሰች ማግስት ክሊኒኩን ልትከፍት ስትመጣ ሀጂ ሻሪፍ ሁለት ሽማግሌ ጓደኞቻቸውን ይዘው ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። ማን ይቅደም በሚል እየተነታረኩ ነው።

“አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ላይሻላችሁም ይችላል” አለቻቸው።

“እሱን ወረፋችን ሲደርስ ትነግሪናለሽ” አላት አንደኛው ሽማግሌ፣ ሽርጡን ከወዲሁ እየሰበሰበ።