የካዛንቺስ በር

ሃይለአብ ተወልዶ ያደገበት የካዛንቺስ ቤት ለልማት ተብሎ ከፈረሰ ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ የኅዳር እሁድ ጠዋት ሚስቱን ሰምሃልን ከኋላው አፈናጦ በሞተር ሳይክሉ ከከተማ ወጣ። የሚያስቸኩላቸው ጉዳይ አልነበረም። ሰንዳፋን እንዳለፉ አስፋልቱን ትተው ወደ ጠጠር መንገድ ታጠፉ።

ጤፉ ደርሷል። መንገዱ ላይ መኪና የለም፤ ሰውም የለም። ሰምሃል አገጯን ትከሻው ላይ አሳርፋ፣ "ቀስ በል፣ በቃ እንዲሁ እንሂድ" ትለዋለች።

ቀትር ላይ ውሃ ጠማቸውና መንገድ ዳር ካለች የጭቃ ቤት ቆሙ። ሃይለአብ ሄልሜቱን እያወለቀ ሳለ ደርቆ ቀረ።

"ሰምሃል፣ ይሄ የኛ በር ነው።"

አረንጓዴ የላሜራ በር ነው። የድሮው የቤት ቁጥራቸው በነጭ ቀለም እንደተጻፈ አለ። ራሱ ሃይለአብ ለደወል ብሎ የበሳው ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል። ቤቱ ሲፈርስ በርና መስኮቱን አፍራሾቹ በአይሱዙ ጭነው ወስደውት ነበር።

የቤቱ እመቤት፣ ማሚት የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት፣ አስገብተው ውሃ ሰጧቸው። ሃይለአብ የበሩን ነገር ሲነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"እንግዲያ ሴትዮዋን ታውቃት ይሆናል።"

"የትኛዋን?"

"የምታንኳኳውን። ይሄን በር ከገጠምን ጀምሮ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ትመጣለች። ባለቤቴ በጓሮ ዞሮ ሲያይ ደጁ ላይ ማንም የለም። እኛም አንከፍትላትም። 'ወደይ፣ ወደይ' ትላለች። ወዴት ማለቷ ይሁን አናውቅ።"

ሃይለአብ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። "ወደይ" በትግርኛ "ልጄ" ማለት ነው። እናቱ ወይዘሮ ወለተማርያም በሌላ ስም ጠርተውት አያውቁም። ኮንዶሚኒየም በገቡ በወሩ አረፉ፤ እስኪያርፉ ድረስም "ቤቴ መልሱኝ" እንዳሉ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ በጣት አንጓ።

"ዝም በሉ" አሉ ማሚት በሹክሹክታ።

"ወደይ" አለ ድምፁ ከውጭ።

ሰምሃል ክንዱን ያዘችው። እሱ ግን ተነሥቶ መቀርቀሪያውን ሳበ። ደጁ ላይ ሞተሩና መንገዱ ብቻ ነበሩ። ሳያስበው ግን፣ ለሰው መንገድ እንደሚለቅ ሁሉ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፤ የሆነ ነገር ደረቱን ታክኮት አለፈ።

"ምነው ከፈትክላት! ገባች እኮ!" ብለው ጮኹ ማሚት።

ሦስቱም ወደ ውጭ ሮጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰሙ። ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

ሃይለአብ መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ እናቱን ጠራ። "አደየ፣ እኔ ነኝ። ነይ፣ አብረን እንሂድ።"

ደግሞ ለመነ። በመጨረሻ መቀርቀሪያው ተሳበ። ገፋ ሲያደርገው ቤቱ ባዶ ነው። አግዳሚው ከግድግዳው ተነሥቶ በሩ አጠገብ፣ እናቱ ካዛንቺስ ሳሉ ይቀመጡበት በነበረው በኩል ሆኗል።

የተሰማው ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እናቱ እሱን ሲጣሩ ከርመው፣ ሲመጣ ከበሩ ጋር መቅረትን መረጡ።

ማሚት ከደጅ ሆነው ውስጡን ብዙ ካዩ በኋላ፣ "እንግዲህ ከገባች ምን ይደረጋል፣ ትኑራ" አሉ።

ሃይለአብ ሞተሩን አስነሣ። ሰምሃል ከኋላው ወጥታ ወገቡን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ማሚት ጠጋ አሉት።

"ልጄ፣ ሁለተኛ ስትመጣ እንዳታንኳኳ፤ እሷ ናት የምትከፍትልህ። መንገድ ላይ ሆነህ በስሜ ጥራኝ።"